ፕሮቲኑን አገኘሁ ከማለት በፊት፦ ፕራይመሪ አንቲቦዲ እንዴት ይሠራል? መቼስ ይታመናል?

የቆሽት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚደረስበት ከተሠራጨ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና በጠዋቱ በደም ምርመራ የሚያጋልጠው ፕሮቲን ማግኘት የብዙ ተመራማሪዎች ምኞት ሆኖ ኖሯል። በካናዳ ቶሮንቶ ኤሌፍቴሪዮስ ዲያማንዲስ፣ ዮአኒስ ፕራሳስና ባልደረቦቻቸው ሲዩዜድዲ1 የተባለው ፕሮቲን ለዚህ ይበጅ ይሆናል ብለው ተነሡ። ፕሮቲኑን ይለካል ተብሎ ለገበያ የቀረበ የመመርመሪያ ኪት ገዙ፤ የሕሙማንን ናሙና መረመሩ፤ ውጤቱም ተስፋ የሚሰጥ ሆነ። ነገሩን እስከ ሥሩ ሲያጣሩት ግን በኪቱ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ሲዩዜድዲ1ን አይነካም ነበር። የሚይዘው ሲኤ125 የተባለውን፣ ከብዙ ዓመት በፊት የታወቀ ሌላ የካንሰር ጠቋሚ ፕሮቲን ነበር። ሁለት ዓመት፣ 500,000 ዶላር ገደማና በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማን ናሙናዎች እንዲሁ ባከኑ።

እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አይደሉም። እጃቸው የለመደውን ሥራ በሚገባ ሠርተዋል። ያመኑት ግን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ስም ነበር።

በሥነ ሕይወት ምርምር ውስጥ «ይህ ፕሮቲን እዚህ አለ»፣ «በዚህ በሽታ ጊዜ ይበዛል»፣ «በዚህ ሕዋስ ውስጥ የለም» ከሚሉት መደምደሚያዎች እጅግ ብዙዎቹ የቆሙት በዚህ ዓይነቱ ብልቃጥ ላይ ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፕራይመሪ አንቲቦዲ ይባላል። እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያሳስት ማወቅ የሚጠቅመው ነጭ ጋዋን ለብሶ ለሚሠራ ሰው ብቻ አይደለም። ስለ አዲስ መድኃኒትና ስለ አዲስ ምርመራ የሚወራውን መመዘን የሚፈልግ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቀማል።

አንቲቦዲ ምን ይዞ ምን ይተዋል?

የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚያሠሩ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉት። በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ብዙ ሺህ ዓይነት ፕሮቲን ተጨናንቆ ይኖራል፤ አንዳንዱ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ እጅግ ጥቂት። ሁሉም የተገነቡት ከእነዚያው 20 አሚኖ አሲዶች ነው፤ አብዛኞቹም ቀለም የላቸውም። ስለዚህ የቱንም ያህል ጥሩ ማይክሮስኮፕ ቢኖረን፣ ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚይዝ ነገር እስካልተገኘ ድረስ የምናየው ድብልቅልቁን ነው።

ያንን ነገር ሰው አልፈጠረውም፤ ከእንስሳት ሰውነት ነው የወሰደው። ባክቴሪያ፣ ቫይረስ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት እሱን ለይቶ የሚጣበቅ ፕሮቲን ያመርታሉ። ይህ ነው አንቲቦዲ፣ ወይም በዜና ላይ እንደምንሰማው ፀረ እንግዳ አካል። በ1890 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በርሊን ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንዲቋቋም ከተደረገ እንስሳ የተወሰደ የደም ውኃ ሌላውን እንስሳ እንደሚያድን አሳዩ፤ ያኔ በውስጡ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከ50 ዓመት በኋላ በ1941 በሃርቫርድ አልበርት ኩንስ አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም አጣብቆ የሳንባ ምች ባክቴሪያን አበራበት። በሰውነት ውስጥ ለመከላከያ የተሠራው ፕሮቲን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤተ ሙከራ ውስጥ መፈለጊያ ሆነ።

በምርምር ላይ የሚዘወተረው አይጂጂ የተባለው ዓይነት 150 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ይመዝናል። አንድ ግንድና ሁለት ክንድ አለው። የክንዶቹ ጫፍ ከአንቲቦዲ አንቲቦዲ ይለያያል፤ የሚይዘውም በዚያ ነው። ግንዱ ግን በአንድ የእንስሳ ዝርያ ውስጥ ባሉት አይጂጂዎች ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የጥንቸል ግንድ ከአይጥ ግንድ ይለያል። ይህን ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። አንቲቦዲ ፕሮቲኑን በሙሉ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከላዩ ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ቦታዋ ኤፒቶፕ ትባላለች። አንዳንዷ ኤፒቶፕ ተከታትለው የተደረደሩ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ናት። ሌላዋ ደግሞ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ ተራርቀው የሚገኙ፣ ነገር ግን ፕሮቲኑ ሲተጣጠፍ ጎን ለጎን የሚመጡ አሚኖ አሲዶች ስብስብ ናት። ፕሮቲኑ ከተፈታ ይህችኛዋ ትጠፋለች። እንዲሁም ተመሳሳይ ቦታ በሌላ ፕሮቲን ላይ ካለ አንቲቦዲው እዚያም ይጣበቃል፤ ስማቸው የተለያየ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለ አንቲቦዲ የሚነሡ ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ከጥንቸል እስከ ቅደም ተከተል

የድሮው መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የተፈለገው ፕሮቲን፣ ወይም ከእሱ የተወሰደ ከ10 እስከ 20 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ፣ ለጥንቸል ይወጋል። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን የጥንቸሏን መከላከያ አይቀሰቅስም፤ ስለዚህ ከትልቅ ባዕድ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። በተከታታይ ሳምንታት ውስጥ ደጋግሞ ከተወጋ በኋላ ደም ይቀዳል። በደሟ ውኃ ውስጥ ያለው ግን አንድ አንቲቦዲ አይደለም፤ በተለያዩ ሕዋሳት የተመረቱ፣ የተለያዩ ኤፒቶፖችን የሚይዙ አንቲቦዲዎች ቅልቅል ነው። ፖሊክሎናል ይባላል። ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ምልክቱ ጠንካራ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ሁለተኛዋ ጥንቸል የመጀመሪያዋን አትደግምም። የዬሉ ፓቶሎጂስት ዴቪድ ሪም የቆዳ ካንሰር ሕክምናን ሊመራ የሚችል ምርመራ በአንቲቦዲዎች አቋቁመው ነበር፤ አንቲቦዲዎቹን እንደገና ገዝተው ሥራውን ሲደግሙት ውጤቱ አልመጣ ስላላቸው ፕሮጀክቱን ትተውታል።

በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስቲን በካምብሪጅ ይህን የሚያሻሽል መንገድ ቀየሱ። ከአይጥ ጣፊያ የወጣን አንቲቦዲ አምራች ሕዋስ መባዛት ከማያቆም የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱ። ውሁዱ ሕዋስ ሃይብሪዶማ ይባላል፤ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ እያመረተ ይኖራል። ሞኖክሎናል ማለት ይህ ነው። ግኝቱ በእነሱ ስም የባለቤትነት መብት አልወጣበትም፤ በ1984 ከኒልስ ዬርን ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ሆኖም ሃይብሪዶማም ሕዋስ ነውና ይሞታል፣ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ያልተፈለገ ተጨማሪ ሰንሰለት ያመርታል።

ዛሬ የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ነው። የአንቲቦዲው የዘረ መል ቅደም ተከተል ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ በሚዳብር ሕዋስ ውስጥ እንደተፈለገ ይመረታል። ሪኮምቢናንት ይባላል። ቅደም ተከተሉ እስካለ ድረስ ከ20 ዓመት በኋላም ያንኑ አንቲቦዲ ማግኘት ይቻላል። እዚህ ላይ ግመልን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በ1993 የብራስልስ ተመራማሪዎች በግመል ደም ውስጥ ቀላል ሰንሰለት (የተለመደው አንቲቦዲ ከተሠራባቸው ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች ትንሹ) የሌላቸው አንቲቦዲዎች እንዳሉ አስታወቁ። የእነዚህ መያዣ ጫፍ ብቻውን ተቆርጦ ሲወጣ 15 ኪሎዳልተን ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ ትልቁ አንቲቦዲ የማይደርስበት ጠባብ ቦታ ይገባል፣ በባክቴሪያም በርካሽ ይመረታል። ናኖቦዲ የሚሉት እሱን ነው።

ፕራይመሪ ይይዛል፣ ሰከንደሪ ያሳያል

ፕራይመሪ የሚባለው የምንፈልገውን ፕሮቲን ራሱን የሚይዘው አንቲቦዲ ነው። ከያዘ በኋላ ግን አይታይም፤ እሱም እንደ ሌላው ፕሮቲን ቀለም የለውም። ስለዚህ ሰከንደሪ አንቲቦዲ ይጨመራል። ሰከንደሪው ስለምንፈልገው ፕሮቲን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚይዘው የፕራይመሪውን ግንድ ነው። ፕራይመሪው ከጥንቸል የተገኘ ከሆነ፣ ሰከንደሪው የጥንቸል አይጂጂ የተወጋች ፍየል ያመረተችው ፀረ ጥንቸል አንቲቦዲ ይሆናል። በላዩ ላይ የሚያበራ ቀለም ወይም ኢንዛይም ተጣብቆበታል።

ቀለሙን በቀጥታ ፕራይመሪው ላይ ማጣበቅ ይቻላል፤ የሕዋስ መቁጠሪያ ማሽን ላይ የሚሠሩ ሰዎች በአብዛኛው እንደዚያ ያደርጋሉ። በሁለት ደረጃ መሥራት ግን ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አንድ ፀረ ጥንቸል ሰከንደሪ ከጥንቸል ለመጣ ፕራይመሪ ሁሉ ስለሚያገለግል ወጪ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ በአንድ ፕራይመሪ ላይ ብዙ ሰከንደሪዎች ስለሚሰፍሩ ደካማው ምልክት ይጎላል። ከጥንቸልና ከአይጥ የተገኙ ሁለት ፕራይመሪዎችን ይዞ፣ ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ሰከንደሪዎች ተጠቅሞ፣ ሁለት ፕሮቲኖች በአንድ ሕዋስ ውስጥ የት የት እንደሚቀመጡ ማየትም ይቻላል።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ወጥመድ አለ። የአይጥ ፕራይመሪ በአይጥ ሥጋ ናሙና ላይ ሲፈስ፣ ፀረ አይጥ ሰከንደሪው ፕራይመሪውንም በናሙናው ውስጥ ቀድሞ የነበረውንም የአይጥ አንቲቦዲ አብሮ ይይዛል። በዚህ ጊዜ 50 እና 25 ኪሎዳልተን ላይ የሚወጡት ደማቅ መስመሮች የአይጧ የራሷ አንቲቦዲ ሰንሰለቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሮቲኑ 50 ኪሎዳልተን የሚመዝን ተመራማሪ በዚህ ነገር ደስታው ተነሥቶ ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል፤ ፕራይመሪውን ሲመርጥ የእንስሳውን ዝርያ ቢመለከት ኖሮ ይድን ነበር።

ዌስተርን ብሎት ላይ መስመሩ ከየት ይመጣል?

በየቤተ ሙከራው የሚሠራው፣ በየምርምር ጽሑፉ ላይ ጥቁር መስመሮቹ የሚታዩት ዌስተርን ብሎት ነው። መሠረቱ በ1979 በስዊዘርላንድ ባዝል ሃሪ ቶውቢንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ዘዴ ላይ ተጥሏል።

ሥራው የሚጀምረው ሕዋሱን በበረዶ ላይ በማፍረስ ነው። በረዶው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕዋሱ ሲፈርስ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችም ነፃ ስለሚወጡ ቅዝቃዜና ማገጃ መድኃኒት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ናሙናው ኤስዲኤስ ከተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ጋር 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። በዚህ ጊዜ ፕሮቲኖቹ እጥፋታቸው ተፈትቶ እንደ ርዝመታቸው መጠን ኔጌቲቭ ኃይል ይለብሳሉ። ጄል ውስጥ ተከተው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው ሁሉም ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይጓዛሉ፤ ትንንሾቹ ፈጥነው ይርቃሉ፣ ትልልቆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከዚያም በኤሌክትሪክ ከጄሉ ወደ ስስ ሜምብሬን ይሸጋገራሉ።

ሜምብሬኑ ፕሮቲን የሆነውን ሁሉ ይስባል፤ አንቲቦዲም ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ክፍት የቀረው ቦታ አስቀድሞ ይሸፈናል፤ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ቅባት አልባ የዱቄት ወተት በተበጠበጠበት ባፈር (አሲድነቱ በቀላሉ በማይለዋወጥ ፈሳሽ)። ፎስፌት የተጣበቀበትን ፕሮቲን ብቻ የሚለይ ፕራይመሪ ሲሆን ግን ብዙዎች ወተቱን ትተው የከብት ደም አልቡሚን ይጠቀማሉ፤ የወተቱ ካዜይን ራሱ ፎስፌት ስላለው ያደናግራል። ከዚያ ፕራይመሪው፣ ለምሳሌ 1:1000 ተበርዞ፣ ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ያድራል። ይታጠባል። ሰከንደሪው ለአንድ ሰዓት ይገባል። እንደገና ይታጠባል። በመጨረሻ ኢንዛይሙ ብርሃን የሚያወጣበት ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ካሜራው ስር ጥቁር መስመር ይታያል።

መስመሩ ሁለት ነገር ብቻ ይነግረናል፦ አንቲቦዲው አንድ ነገር ላይ መጣበቁንና ያ ነገር በጄሉ ላይ የደረሰበትን ርቀት። ርቀቱ ከክብደት ጋር ይመሳከራል። ፕሮቲኔ 60 ኪሎዳልተን ነው፣ መስመሩም 60 ላይ ነው፤ እንግዲህ ተገኘ ማለት ግን ገና ነው። በ60 አካባቢ የሚጓዙ ፕሮቲኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በተቃራኒውም እውነተኛው ፕሮቲን ስኳር ከተጣበቀበት ከሚጠበቀው በላይ፣ ከተቆረጠ ደግሞ ከሚጠበቀው በታች ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ክብደት ጥርጣሬን ያቀላል እንጂ አያስወግድም። አንድ መስመር ብቻ ያለበት ተቆርጦ የታተመ ምስል ሳይ ሙሉውን ሜምብሬን ማየት የምመኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከላይና ከታች የተቆረጠው ክፍል ላይ አንቲቦዲው ሌላ ምን ምን እንደያዘ ተጽፎ ይገኛል። ደግነቱ አሁን ብዙ መጽሔቶች ሙሉውን ምስል ከጽሑፉ ጋር ይጠይቃሉ።

በየሌይኑ (እያንዳንዱ ናሙና በጄሉ ላይ በሚሮጥበት መንገድ) የተጫነው ፕሮቲን እኩል መሆኑን ለማሳየት አክቲን ወይም ጋፕዲኤች የተባሉ በየሕዋሱ የሚገኙ ፕሮቲኖች አብረው ይለካሉ። ይህ መጠንን ያስተካክላል፤ የዋናው ፕራይመሪ ትክክለኛነት ላይ ግን የሚጨምረው ማስረጃ የለም። ሁለቱን የሚያምታታ ጽሑፍ ቁጥሩ ብዙ ነው።

አንዱ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ የሚከሽፈው

ዌስተርን ብሎት ላይ ፕሮቲኑ የተፈታ ነው። በሕያው ሕዋስ ላይ ወይም በደም ውኃ ውስጥ ግን እንደተጣጠፈ ነው። የካንሰር ሕመምተኛ ናሙና ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሁኔታ አለ፤ ሥጋው በፎርማሊን ስለተያዘ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተሳስረው ኤፒቶፖቹ ይሸፈናሉ። ፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ ቀጭኑ የሥጋ ቅርፊት አንቲቦዲ ከመጨመሩ በፊት በሙቅ ባፈር የሚቀቀለው የተሸፈነውን ለመግለጥ ነው። ስለዚህ «ይህ አንቲቦዲ ጥሩ ነው» የሚባል ነገር የለም። ጥሩ የሚባለው ለአንድ ሥራ፣ በአንድ ዓይነት ናሙና ላይ ነው።

ይህ ነገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ከጡት ካንሰር ምርምር የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። ኢስትሮጅን ሪሴፕተር አልፋ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል የታወቀ ፕሮቲን ነው፤ የጡት ካንሰር ናሙና ላይ በአንቲቦዲ ይመረመራል፣ ውጤቱም ሕመምተኛዋ ሆርሞንን የሚያግድ መድኃኒት ትውሰድ አትውሰድ የሚለውን ይወስናል። እዚያ ላይ አንቲቦዲዎቹ በሚገባ ተፈትነዋል። በ1996 ደግሞ በስዊድን የያን ኦኬ ጉስታፍሰን ቡድን ሁለተኛውን ኢስትሮጅን ሪሴፕተር፣ ቤታን፣ አገኘ። ዓለም ሁሉ ተነሣበት። በጡት ካንሰር ላይ ይከላከላል ያለም ነበር፣ ያባብሳል ያለም ነበር፤ አለ የሚሉትና የለም የሚሉት ጽሑፎች ለ20 ዓመት ያህል ጎን ለጎን ወጡ።

በ2017 ከዚያው ከስዊድን የወጣ ጥናት 13 ፀረ ቤታ አንቲቦዲዎችን አሰልፎ ፈተነ። ፕሮቲኑ እንዳለባቸው በሚታወቁና እንደሌለባቸው በሚታወቁ ሕዋሳት ላይ አነጻጸራቸው። ቤታን በትክክል ለይቶ የተገኘው ፒፒዜድ0506 የተባለው አንዱ ብቻ ነበር። በዚያ አንድ አንቲቦዲ የሰውነት ክፍሎች እንደገና ሲታዩ ቤታ በእንቁልጢና በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ተገኘ፤ በጤነኛ የጡት ሥጋም ሆነ በጡት ካንሰር ውስጥ ግን አልተገኘም። በጡት ካንሰር ላይ በቤታ ስም የወጡ ብዙ ውጤቶች ሌላ ነገር ሲለኩ እንደኖሩ መጠርጠር ግድ ሆነ። ናሙናቸውን የሰጡት ሴቶች የሰጡት ለዚህ አልነበረም።

መስቀለኛው ጥያቄ

አንቲቦዲ ምስክር ነው። ፕሮቲኑን እኛ አላየነውም፤ አይቻለሁ የሚለው እሱ ነው። ምስክር ደግሞ ቃሉን ስለሰጠ ብቻ አይታመንም፤ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፦ ፕሮቲኑ ጨርሶ በሌለበት ቦታ ምን ትላለህ?

ክሪስፐር የተባለው የጂን መቁረጫ መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ይህን መጠየቅ ቀሏል። የፕሮቲኑ ጂን ከሕዋሱ ውስጥ ይሰበራል፤ ኖክአውት ይባላል። ያልተነካው ሕዋስና ኖክአውቱ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። መስመሩ በመጀመሪያው ላይ ታይቶ በሁለተኛው ላይ ከጠፋ አንቲቦዲው እውነቱን ነው። በሁለቱም ላይ ካለ ሌላ ነገር ነው የያዘው። ኖክአውት ማግኘት ካልተቻለ በሲርና (የጂኑን መልእክት በሚያፍን አጭር አርኤንኤ) የፕሮቲኑን መጠን ዝቅ አድርጎ ምልክቱ አብሮ መቀነሱን ማየት፣ ሌላ ኤፒቶፕ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ አምጥቶ ማመሳከር፣ ወይም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማሽን፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ የተለካን መጠን ከአንቲቦዲው ውጤት ጋር ማስተያየት ይቻላል። በ2016 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ምክርም የሚመክረው በእነዚህ መሰል መንገዶች ነው።

ብዙ ጊዜ እንደ ማረጋገጫ የሚቀርቡ ሁለት ነገሮች ግን በቂ አይደሉም። አንደኛው ፕራይመሪውን ትቶ ሰከንደሪውን ብቻ መጨመር ነው፤ ይህ የሚፈትነው ሰከንደሪውን ነው። ሁለተኛው ጥንቸሏ የተወጋችውን ቁራጭ ከአንቲቦዲው ጋር አስቀድሞ መቀላቀልና ምልክቱ መጥፋቱን ማሳየት ነው። ምልክቱ መጥፋቱ አንቲቦዲው ቁራጩን እንደሚይዝ ይናገራል፤ ክንዱ በቁራጩ ስለተያዘ ግን የተሳሳተውን ፕሮቲንም አብሮ ይለቃል። ሐሰተኛው ምልክትም ከእውነተኛው እኩል ይጠፋል ማለት ነው።

የኖክአውት ፈተና ምን እንደሚያወጣ በሞንትሪያል ታይቷል። ሲ9ኦርፍ72 የተባለው ጂን በ2011 ጡንቻን የሚያሽመደምደው ኤኤልኤስ ከተባለ በሽታና ከአንድ የመርሳት በሽታ ዓይነት ጋር መያያዙ ከታወቀ በኋላ ብዙዎች ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ ያጠኑ ነበር። የፒተር ማክፈርሰን ቡድን በ2019 ለገበያ የቀረቡትን በኖክአውት ሕዋስ ሲፈትን፣ በጽሑፎች ላይ በብዛት ሲጠቀሱ ከነበሩት ውስጥ ፕሮቲኑን የማይለዩ ተገኙ። ከዚያ ሥራ ዋይካሮስ የተባለ ድርጅት ተወለደ። በ2023 ባወጣው ጥናት 65 ፕሮቲኖችን ይይዛሉ የተባሉ 614 አንቲቦዲዎችን ፈትኗል። በአማካይ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን 12 ገደማ የታተሙ ጽሑፎች፣ ፕሮቲኑን በማይለይ አንቲቦዲ የተገኘ ውጤት ይዘው ነበር። ሪኮምቢናንቶቹ ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል። ያስደሰተኝ ደግሞ ይህ ነው፦ አምራቾቹ ራሳቸው በፈተናው ተባብረው፣ ከወደቁት ውስጥ 20 በመቶ ገደማውን ከገበያ አውጥተዋል፤ የ40 በመቶ ገደማውን የአጠቃቀም መግለጫ ቀይረዋል።

አንቲቦዲው ደህና፣ ፕሮቲኑ የለም

እስካሁን ያየነው አንቲቦዲ የሌለውን አለ ሲል ነው። ተቃራኒው በአገራችን ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የወባ ፈጣን መመርመሪያ በዚሁ ስልት የተሠራ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የተሰመረ አንቲቦዲ አለ፣ በወርቅ ቅንጣት ላይ የተጣበቀ ሌላ አንቲቦዲም አለ፤ የተለመደው ዓይነት የሚይዘውም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ2 ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ተውሳኮች ግን ይህን ጂን ጥለውታል። ፕሮቲኑን ሳያመርቱ ይኖራሉ፤ ሰው ወባ ይዞት መመርመሪያው ነፃ ነው ይላል። በ2021 በታተመው ጥናት፣ ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎች ተመርምረው፣ ኤችአርፒ2ን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ በዚህ ምክንያት 9.7 በመቶ የሚሆነውን የፋልሲፓረም ወባ እንደሚስት ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ኤርትራ በ2016 ቀይራለች።

አንቲቦዲው አላጠፋም፤ ከዒላማው ጋር የተጣበቀው እምነት ነበር የተፈታው። ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለውን፣ ተውሳኩ ያለ እሱ መኖር የማይችለውን ኢንዛይም የሚይዙ መመርመሪያዎች አማራጭ የሆኑት ለዚህ ነው።

ብልቃጡን ከመግዛት በፊት

መቶ ማይክሮሊትር፣ ማለትም ጥቂት ጠብታ፣ ብዙ መቶ ዶላር ሊያወጣ ይችላል። የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር የማስተርስ ተማሪ ይህን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ፣ የሚያስመጣውም ከበረዶው ጋር በጉምሩክ አልፎ ነው። ሀብታም ቤተ ሙከራ ሦስት ገዝቶ ሁለቱን ይጥላል፤ ለተማሪው ግን ያለችው አንዲት ዕድል ብቻ ናት። ስለዚህ የመምረጡ ሥራ ለእኛ ተማሪዎች ከማንም በላይ ይከብዳል፣ ከማንም በላይም ዋጋ አለው።

የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የሚፈለገው የኖክአውት ምስል ነው፤ ያውም እኛ በምንሠራበት ዘዴ ላይ። የዋይካሮስ ሪፖርቶች በነፃ ይነበባሉ። የሂውማን ፕሮቲን አትላስም ነፃ ነው፤ የትኛው የሕዋስ ዓይነት ፕሮቲኑን በብዛት እንደሚያመርትና የትኛው እንደማያመርት ስለሚያሳይ፣ ኖክአውት ለሌለው ሰው ማነጻጸሪያ ሕዋሳት ለመምረጥ ይረዳል። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሃይብሪዶማ ባንክ ሞኖክሎናሎችን ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ያከፋፍላል። አድጂን የተባለው ድርጅት ደግሞ የሪኮምቢናንት አንቲቦዲ ፕላስሚዶችን (የአንቲቦዲውን ጂን የተሸከሙ የዲኤንኤ ቀለበቶችን) ይልካል፤ ሕዋስ ማዳበር የሚችል ቤተ ሙከራ ከዚያ በኋላ አንቲቦዲውን ራሱ ማምረት ይችላል።

ብልቃጡ እጅ ሲገባ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ይቀመጥ። ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ይጎዳዋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ይህ ሳይታወቅ የሚፈጸም ነገር ነው። መመሪያው ላይ የተጻፈው ብረዛ መነሻ ብቻ ስለሆነ በራስ ናሙና ላይ ሦስት አራት መጠን ይሞከር፤ ፕራይመሪ ሲበዛ ደካማ መያዣዎቹ ሁሉ ስለሚነቁ ሐሰተኛ መስመር ይበዛል። ጽሑፉ ሲጻፍ ደግሞ «ፀረ ቤታ አንቲቦዲ ተጠቅመናል» ማለት አይበቃም፤ የካታሎግ ቁጥሩ፣ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩ፣ ብረዛውና አርአርአይዲ የተባለው ለእያንዳንዱ አንቲቦዲ የሚሰጠው መለያ አብሮ ይግባ፤ ኖክአውቱም ምስሉ ላይ፣ ከዋናው ሌይን ጎን።